ወናፉን የሚነፋው ልጅ፦ ስለ ሥራ፣ ስለ ማሽንና ስለ ልጆቻችን ዕድል



ወላጆች በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባም ይሁን በሠርግና በለቅሶ ቤት፣ በዚህ ዘመን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ልጄ ምን ቢማር ይሻለዋል? ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ሥራ ሊሠራ ነው ይባላል፤ ታዲያ ለልጆቻችን ምን ይቀራል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ ያረስነውን መሬት፣ የምናውቀውን ሙያና የተከበርንበትን ቋንቋ ትተን መጥተናል። «እኛስ ይቅር፤ ልጆቻችን ይማራሉ» ብለን ራሳችንን አጽናንተናል። አሁን ደግሞ ልጆቹ የሚማሩትን ሙያ ገና ሳይሠሩበት «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚባለው ማሽን ሊወስድባቸው ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የማይደነግጥ ወላጅ የለም።

ይሁን እንጂ ማሽን የሰውን ሥራ ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። ለእኛም ማኅበረሰብ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በእጃቸው ይሠሩት የነበረውን ዕቃ ፋብሪካ ሲሠራው አይተዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከራሳችንና ከሌሎች ሕዝቦች ታሪክ ጥቂቱን እናነሳለን፤ ከዚያም ለዛሬ ወላጅ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሙያ እንዴት የእኛ ሆነ

አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ የሆኑት ወደው ብቻ አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ይስሐቅ (1414–1429) ቤተ እስራኤልን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጁ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጦርነት ነበር። በስሜን ተራራዎች የቀረው የቤተ እስራኤል ኃይል በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ተሰበረ። መሬት የሌለው ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ከማረስ በቀር ምርጫ የለውም፤ ያረሰውም ለቤተሰቡ አይበቃውም። ስለዚህ አባቶቻችን ከእርሻው ጎን የእጅ ሙያ ያዙ። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ቀጠቀጡ፤ ጥጥ አፍትለው ሸማ ሠሩ። እናቶቻችንም እንስራ፣ ጀበናና ምጣድ ሠርተው ገበያ አወጡ።

አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ በከተማይቱ ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ላይ ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጺነት እንደተሳተፉ የታሪክ ሊቃውንት ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ሙያቸው ክብርና ማዕረግ ያስገኘላቸው ነበሩ። የጎንደር ነገሥታት ኃይል እየደከመ ሲሄድ ግን የግንብ ሥራው ቀረ፤ የቀረው የብረትና የሸክላ ሥራ ሆነ። ሙያው የዕለት ጉርስ ቢሰጥም ስም አጠፋ። ገበሬው ያለ ማረሻ ማረስ አይችልም፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን «ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል» እያለ ይፈራውና ይርቀው ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ። አባቶቻችንን የጎዳቸው የእጅ ሥራው ራሱ አልነበረም። የጎዳቸው ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ አንድ በር ብቻ መቅረቱ ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ሰው ያ በር የጠበበ ዕለት መሄጃ የለውም።

ልጅ ሙያ የሚማረው እንዴት ነበር

በቀጥቃጭ ቤት ልጅ ሥራ የሚጀምረው በወናፍ ነው። ወናፍ ከፍየል ቆዳ የሚሠራ ሲሆን፣ ልጁ ሁለቱን አቅማዳ በሁለት እጁ ተራ በተራ እየከፈተና እየተጫነ እሳቱን ያነዳል። ይህ ከሥራው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ዕውቀት አይጠይቅም፤ ያደክማል፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። ነገር ግን ልጁ ወናፉን እየነፋ ያያል። ብረቱ ሲቀላ ምን ዓይነት መልክ ሲይዝ ከእሳት እንደሚወጣ፣ አባቱ በመስፉ ላይ የትኛውን ጎን አስቀድሞ እንደሚመታ፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነክረው ያያል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው በጆሮው ሲሰማው እርሱ በዓይኑ ይማረዋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጉጠት ይይዛል፤ ከዚያ መዶሻ ያነሳል፤ በመጨረሻ ራሱ ማረሻ ያወጣል።

የሸክላም ሥራ እንዲሁ ነው። ሴት ልጅ መጀመሪያ አፈሩን ተሸክማ ታመጣለች፣ ትወቅጣለች፣ ታቦካለች። ቀጥላ ትንንሽ ዕቃ ትሞክራለች። እንስራ የምትሠራው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሸማኔም ቤት ልጁ ፈትል ከማጠንጠን ይጀምራል።

እንግዲህ ዝቅተኛው ሥራ ትምህርት ቤቱ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ኋላ ስለ ዛሬው ማሽን ስንናገር እንመለስበታለን።

ማሽን በሩቅ አገር

አያቶቻችን በእጅ መወርወሪያ ሸማ ሲሠሩ፣ በእንግሊዝ አገር ኤድመንድ ካርትራይት የሚባል ሰው በ1785 በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ የሽመና ማሽን አወጣ። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ደግሞ ዦዜፍ ማሪ ዣካር በ1804 ገደማ አዲስ ነገር ፈጠረ። ጥለቱን የሚመራው የሸማኔው እጅ መሆኑ ቀርቶ፣ ቀዳዳ የተበጀላቸው ካርዶች ሆኑ። ካርዱ ላይ ቀዳዳ ባለበት መርፌው ያልፋል፤ በሌለበት ይቆማል። በዚህ መንገድ ማሽኑ የባለሙያውን ጥበብ በካርድ ላይ ተጽፎ አገኘው።

በእንግሊዝ አገር በ1811 በኖቲንግሃም አካባቢ ሹራብና ካልሲ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሌሊት ሌሊት እየሄዱ የአሠሪዎችን ማሽን መሰባበር ጀመሩ። «ሉዳውያን» ተባሉ። ዛሬ ይህ ስም አዲስ ነገር ለሚፈራ ሰው መሳለቂያ ሆኗል። እነርሱ ግን ማሽን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሽን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከአቤቱታቸው አንዱ አሠሪዎች ሙያውን በወጉ ያልተማሩ ሰዎችን በርካሽ ቀጥረው የማይረባ ዕቃ ያሠራሉ፣ የባለሙያውንም ዋጋ ያወርዳሉ የሚል ነበር። መንግሥት በ1812 ማሽን የሚሰብር ሰው በሞት እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለት ወገን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ወገን ማሽኑ ልብስን አረከሰ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ የሠራተኛውም ኑሮ ተሻሻለ፤ ቀድሞ ያልነበረ ብዙ የሥራ ዓይነት ተፈጠረ። በሌላ ወገን ያ መሻሻል የመጣው ቶሎ አይደለም። የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ከ1790ዎቹ እስከ 1840ዎቹ ድረስ የአገሪቱ ምርት እያደገ ሳለ የሠራተኛው ደመወዝ ብዙም ከፍ አላለም። በእጅ ይሸምኑ የነበሩ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች በእነዚያ ዓመታት ደኸዩ። ስለዚህ «ማሽን ሥራ ይወስዳል፤ ሌላ ሥራም ይፈጥራል» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ሥራውን የተነጠቀው አባትና አዲሱን ሥራ ያገኘው ሰው አንድ ሰው አልነበሩም። በመካከል አንድ ትውልድ አለፈ።

ማሽን ወደ ጎንደር ሲመጣ

ማሽኑ ወደ አገራችን ራሱ ከመምጣቱ በፊት የሠራው ዕቃ መጣ። የባሕር ማዶ ፋብሪካ ጨርቅ «አቡጀዲ» ተብሎ በየገበያው ተዘረጋ። በ1917 የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ዕቃ ይበልጥ በዛ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደር ብዙም በማይርቀው በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ።

የአባቶቻችን ሙያ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም። እያንዳንዱ በተለያየ መንገድ ሄደ። ቀድሞ ብረቱን ከድንጋይ አቅልጦ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ የፋብሪካ ብረት ሲመጣ ያ ቀረ። ቀጥቃጩ ግን አልቀረም፤ የአሮጌ መኪና ብረት እየገዛ ማረሻና ማጭድ መሥራቱን ቀጠለ፤ ምክንያቱም በየመንደሩ የዶለዶመውን ማረሻ የሚያድስ ፋብሪካ አልነበረም። የሸክላው እንስራ በፕላስቲክ ጀሪካን ተተካ። ምጣዱና ጀበናው ግን ጸና። በጎንደር አቅራቢያ በምትገኘው በወለቃ ያሉ ሴቶች ደግሞ ለጎብኚዎች የሚሸጥ ትንንሽ የሸክላ ምስል መሥራት ጀመሩ፤ በዚህም ወለቃ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ታወቀች።

ከዚህ የምናየው ማሽን ሙያን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይውጥ ነው። ከሙያው ውስጥ አንዱን ክፍል ይወስዳል፤ ሌላውን ይተወዋል። ከሙያው ብዙ ክፍል የሚያውቅ ሰው ወደ ቀረው ይሻገራል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከዚያው ጋር ይቀራል።

ወደዚህ አገር ስንመጣ

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል በ«ዘመቻ ሙሴ»፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ«ዘመቻ ሰሎሞን» በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ገቡ። ከዚያም በየጊዜው ሌሎች ተከተሉ፤ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በ«ጹር እስራኤል» የመጡ ቤተሰቦችም ከእኛ ጋር አሉ። ከነዚህ ሁሉ አብዛኛው ገበሬና ባለ እጅ ነበር።

እዚህ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገሩ ማረሻ ያወጣ የነበረ ሰው በመርከዝ ክሊታ ተቀምጦ ፊደል ከመጀመሪያው መቁጠር ነበረበት። ኡልፓኑን ሲጨርስ ያገኘው ሥራ በፋብሪካ፣ በጽዳት ወይም በጥበቃ ነበር። ሥራው ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር የለውም፤ ብዙ ቤተሰብም አድጎበታል። ችግሩ ከዚያ ሥራ ወደ ሌላ የሚያደርስ ደረጃ አለመኖሩ ነው። ሃያ ዓመት ወለል ያጸዳ ሰው ወለል ከማጽዳት ሌላ እንዲያይ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ወናፍ የሚነፋ ልጅ የአባቱን መዶሻ ያያል፤ ይህ ግን ወናፍ ብቻ ነበር።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የመጡት ወጣቶች ደግሞ አብዛኛዎቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። ከነዚያም ብዙዎቹ ወደ ሙሉ ባግሩት በማያደርስ የሙያ ክፍል ተመደቡ። ያኔ ብዙ ወላጅ «ልጄ ሙያ ይማራል» ተብሎ ሲነገረው ደስ ብሎት ፈርሟል። ሙያ ማለት በእኛ ዘንድ የተከበረ ነገር ነውና። ነገር ግን አባቶቻችንን የጎዳው ያው አንድ በር በሌላ መልክ እንደመጣ ማን ይንገረው?

የፋብሪካውም በር ቢሆን ክፍት ሆኖ አልቆየም። የኪርያት ጋትን ከተማ ብንወስድ፣ ከማኅበረሰባችን ብዙ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ስትሆን ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በፖልጋት ነበር። መንግሥት በ1991 በውጭ ዕቃ ላይ የነበረውን ገደብ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። ከዮርዳኖስ ጋር በ1994 ሰላም ከወረደ በኋላም ብዙ የስፌት ሥራ ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ ሄደ። በመላው አገሪቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ፖልጋትም ከነዚያ አንዱ ሆነ። በዚያው ከተማ በ1999 ኢንቴል የኮምፒዩተር ቺፕ የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ። ከተማዋ ያችው ናት፤ ከቤት እስከ ሥራ ያለውም መንገድ ብዙ አይራራቅም። ቁልፉ ግን ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ፋብሪካ ብርቱ እጅ ይበቃ ነበር፤ ለሁለተኛው ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስፈልጋል።

ከሽመና ማሽን ወደ ኮምፒዩተር

ዛሬ የምንፈራው ማሽን የሸማኔ ማሽን የልጅ ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቻርልስ ባቤጅ የሚባል እንግሊዛዊ በ1830ዎቹ የሚያሰላ ማሽን ሲያቅድ የዣካርን ካርዶች ተጠቀመ፤ ማሽኑ ግን ተሠርቶ አላለቀም። በ1890 አሜሪካ ሕዝቧን ስትቆጥር ኸርማን ሆለሪዝ በሠራው ማሽን ቁጥሩ በቀዳዳ ካርድ ተቆጠረ። በ1956 በአሜሪካ ዳርትመዝ በተባለ ኮሌጅ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለአዲሱ የጥናት ዘርፍ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ስም ሰጡት። በ1997 ኮምፒዩተር የዓለም የቼስ ሻምፒዮን የነበረውን ካስፓሮቭን አሸነፈ። በኅዳር 2022 ደግሞ «ቻት ጂፒቲ» የተባለው ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ማንም ሰው ጥያቄ ጽፎ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ቻለ።

ይህ ማሽን እንዴት ይሠራል? በአጭሩ፣ ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ውስጥ የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ያጠናል፤ ሲጠየቅም በስሌት እየገመተ ቃል በቃል ይቀጥላል። ስለዚህ የዣካር ማሽን የአንድን ሸማኔ ጥበብ በካርድ እንደወሰደ ሁሉ፣ ይህም የብዙ ጸሐፊዎችን ሥራ በስሌት ወስዷል። አነጋገሩ የሚያምር ቢሆንም የሚናገረው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በኮምፒዩተር የሚገኘው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ በአማርኛ ሲጠየቅ ይበልጥ ይሳሳታል። ከ2016 ጀምሮ የጉግል መተርጎሚያ አማርኛን ይተረጉማል፤ ለብዙ አዲስ ገቢዎችም ትልቅ እርዳታ ሆኗል። ሆኖም የባንክ ውል፣ የሐኪም ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ በስልክ ትርጉም ብቻ ተማምኖ መፈረም አይገባም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያንብበው።

ማሽኑ ወናፉን ሲነፋ

አሁን ወደ ወናፉ እንመለስ። ያለፉት ማሽኖች በብዛት የወሰዱት የጉልበትን ሥራ ነው። የዛሬው ማሽን የሚነካው ደግሞ በቢሮ ውስጥ የሚሠራውን፣ በተለይ የጀማሪውን ሥራ ነው። ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ሰነድ ማሳጠር፣ ቀላል ትርጉም፣ ቀላል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ለደንበኛ በስልክ መልስ መስጠት፤ እነዚህ ሁሉ ወጣት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት ሥራዎች ናቸው። አሠሪው እነዚህን ለማሽን ከሰጠ ጀማሪውን ለምን ይቀጥራል? ጀማሪ ካልተቀጠረስ ከዐሥር ዓመት በኋላ ባለሙያው ከየት ይመጣል? ወናፉን ማሽን የሚነፋው ከሆነ ልጁ የት ቆሞ ይማራል?

በእኛ አስተያየት የወላጅ ጭንቀት መነሳት ያለበት ከዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የምንሰማው ክርክር «የትኛው ሙያ አይጠፋም?» የሚል ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ለሊቃውንትም አልተቻለም። የዚህ ማሽን አባት ከሚባሉት አንዱ፣ በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጄፍሪ ሂንተን፣ የራጅና የመሳሰለውን ምስል የሚያነቡ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከእንግዲህ ሊቆም ይገባል ብሎ በ2016 ተናግሮ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ሆስፒታሎች ግን እነዚያን ሐኪሞች ዛሬም ይፈልጋሉ። ያን ንግግር ሰምቶ ልጁን ከሕክምና ያስቀረ ወላጅ ቢኖር በከንቱ ነው ያስቀረው። ታላቁ ሊቅ ያልቻለውን ትንቢት እኛ በቡና ላይ ተቀምጠን ልንናገረው አንችልም።

ሌላም ልናስብበት የሚገባ አደጋ አለ። ማሽን የሚማረው ከነበረው ነገር ስለሆነ የነበረውን አድልዎም ይማራል። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ የሦስት ኩባንያዎችን ማሽኖች መረመሩ። ማሽኖቹ የሰውን ፊት አይተው ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውን የሚለዩ ነበሩ። ፊታቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፊታቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን ከአንደኛው ማሽን ዘንድ ከ100 ወደ 35 ደረሰ። ኩባንያዎቹ ይህን አስቀድመው አላስተዋሉትም ነበር። ያስተዋሉት የማሽኑን ውስጥ የሚያውቁና ጉዳዩ የሚነካቸው ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው። ትምኒት በስደት ወደ አሜሪካ የሄደችው ገና በልጅነቷ ነው። ልጆቻችን በማሽኑ የሚመዘኑ ብቻ ሳይሆኑ ማሽኑን የሚመዝኑም መሆን እንዳለባቸው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የልጅን በር አናጥብብ። ልጁ በየትኛው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ሀቅባጻ፣ ማለትም በየትኛው የደረጃ ቡድን እንደተመደበ፣ ክፍሉ ወደ ሙሉ ባግሩት ያደርስ እንደሆነና ወደ 4 ወይም 5 ይሒዶት ሒሳብ መሸጋገር ይቻል እንደሆነ እንጠይቅ። «ለእርሱ ይህ ይበቃዋል» ሲባል «ለምን?» ማለት ድፍረት አይደለም፤ የወላጅ መብት ነው። ዕብራይስጣችን ባይበቃ አስተርጓሚ ይዘን እንሂድ። ልጁን ራሱን በራሱ ጉዳይ ላይ አስተርጓሚ አናድርገው። የሙያ ትምህርትም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ፣ ነርስነት፣ የማሽን ጥገና የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ልጁ ወዶና ችሎ ይግባበት፤ ሌላው ተዘግቶበት ግን አይግባ።

ሁለተኛ፣ ልጁ ወናፍ የሚነፋበትን ቦታ እንፈልግለት። ሥራን በቅርብ የሚያይበት ቦታ ማለታችን ነው። በዕረፍት ወራት ከባለሙያ ዘንድ መዋል፣ በወታደርነት ወይም በብሔራዊ አገልግሎት ጊዜ ዕውቀት የሚሰጥ ምድብ መጠየቅ፣ በጋራዥ፣ በላቦራቶሪ ወይም በቢሮ ያሉ የማኅበረሰባችን ሰዎች አንድ አንድ ወጣት ከጎናቸው እንዲያስቀምጡ መለመን። ድሮ ይህን አባት ብቻውን ይሠራው ነበር፤ ዛሬ ግን አባት ልጁ የሚፈልገውን ሙያ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ይህ የማኅበር ሥራ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውን አባባል የሸማኔ ልጆች ልንረሳው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ ልጁን ያግዘው እንጂ አይተካው። የቤት ሥራውን ማሽኑ ጽፎለት ልጁ ከገለበጠው ማረሻው ተሠርቷል፤ ልጁ ግን መቀጥቀጥ አልተማረም። ቅድሚያ ራሱ ይሞክር፤ ቀጥሎ ማሽኑን ይጠይቅ፤ በመጨረሻም «ማሽኑ የት ተሳሳተ?» ብለን እንጠይቀው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልግም። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅም ልጁን «እስቲ በራስህ አፍ በአማርኛ አስረዳኝ» ሊለው ይችላል። ያልገባውን ነገር ማንም ለወላጁ ማስረዳት አይችልም፤ በዚያውም ቋንቋችን ከቤት አይጠፋም።

አራተኛ፣ የአባቶችንና የእናቶችን ሙያ ለልጆች እንንገር። ብዙ ልጅ አያቱ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ እንደሠሩ ያውቃል እንጂ በአገራቸው ብረት አቅልጠው ዕቃ የሚያወጡ፣ አፈር አቡክተው እንስራ የሚያቆሙ ባለሙያ እንደነበሩ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ልጅ ሙያ ሲለወጥ ማየት ለቤተሰቡ የመጀመሪያ እንዳልሆነ ይረዳል።

ታሪክ ምንም እንደማይደርስብን ዋስትና አይሰጠንም። በእንግሊዝ አገር አንድ ትውልድ ተጎድቷል፤ በእኛም ዘንድ ብዙ አባትና እናት ሙያቸውን ይዘው መጥተው ሳይሠሩበት አርጅተዋል። ነገር ግን የተጎዱት ማሽን ስለመጣ ብቻ አልነበረም፤ ሲመጣ የሚያሳልፋቸው ሌላ በር ስላልነበራቸውና ማንም ስላልጠየቃቸው ጭምር ነው። ለልጆቻችን በሩን ማብዛትና ስለ እነርሱ መጠየቅ ግን ዛሬ በእጃችን ነው። የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ፤ ጥያቄያችንንም ይዘን እንሂድ።

ልጆቻችንን ለቁም ነገር ያብቃልን።